ተማሪዎች እዚህ ያቋርጣሉ

ሻዕባን ከአሶሳ ገበያ በር ባጃጅ ሲሳፈር ከጎኑ የተቀመጡት ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር። አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትጀምራለች፤ ሌላዋ ስታቆም የመጀመሪያዋ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ጠርጋ ስልኩን ደግማ ታይና ደግማ ትንከተከታለች። ሻዕባን የብሩሾቹን ባልዲ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን እያወቀ፣ በዓይኑ ጠርዝ ሰረቅ አደረገ። ያየውን ለማመን ጥቂት ጊዜ ፈጀበት። ስልኩ ላይ ያለው የገዛ ራሱ ሥራ ነው፤ በባምባሲ መውጫ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መጋቢት ላይ በእጁ የተከለው ቢጫ ላሜራ፣ ጠርዙ ቀይ፣ ፊደሉ ጥቁር፦ «ጥንቃቄ! ተማሪዎች እዚህ ያቋርጣሉ»። መጀመሪያ ደስ አለው። ሥራው ስልክ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰው የሚያምር ነገር ሲያይም ይስቃል ብሎ አሰበ።

«ደግሞ እኮ በትልቁ ነው የጻፈው!» አለች አንዷ፤ «ማንም እንዳያመልጠው!»

«አማርኛ የማይችል ሰውዬ ነው አሉ የጻፈው። ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የተናገረው፤ ‹ቋንቋው ስላልሆነ ነው፣ ይቅርታ› ብሎ።»

የባጃጁ ሹፌር ሙንታሲር የሻዕባን የሰፈር ልጅ ነው። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ዓይኑ ከሻዕባን ዓይን ጋር ሲጋጠም ቶሎ ብሎ ሙዚቃውን ከፍ አደረገ። ትምህርት ቤቱ ጋ ደርሰው ሻዕባን ሃያ ብር ሲዘረጋለትም እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ተወው፣ ዐም ሻዕባን፣ በአላህ ተወው» አለው። የሰፈሩ ታናናሾች ሁሉ አጎት ለማለት ዐም ይሉታል። በዚህ ከተማ የባጃጅ ሹፌር ሒሳብ አልቀበልም የሚለው ሐዘን የደረሰበትን ሰው ብቻ ነው። ሻዕባን ብሩን ወንበሩ ላይ አኑሮ ወረደ፤ ሰው ሞቶበት እንዳይሆን ግን ለአንድ አፍታ ተጠራጠረ።

ምልክቱ ሥር ቆሞ ከ«ጥ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው «ሉ» ድረስ አንድ በአንድ ቆጠረ። የጎደለ ፊደል የለም። የተጣመመ እግር፣ የተረሳ ቅጥያ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የዳቦ ቤት፣ የፋርማሲ፣ የቀበሌና የመንገድ ጽሑፍ ሲጽፍ አንድም ቀን ፊደል ስቶ አያውቅም። የበርታ ልጅ ነው፤ አማርኛን ያገኘው ከፊደሉ ነው እንጂ ከእናቱ አፍ አይደለም። ሲናገር ሴቱን ወንድ፣ ብዙውን አንድ ያደርጋል፤ ሰውም ለምዶታል። ሲጽፍ ግን ምላሱ የሚስተውን እጁ አይስትም። «ሐኪም» በየትኛው «ሐ»፣ «ኃይል» በየትኛው «ኃ» እንደሚጻፍ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ከቢሮ እየደወሉ ይጠይቁታል። ባነር የሚያትሙ ማሽኖች አሶሳ ከገቡ ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም፣ ፀሐይና ዝናብ የማያነሣው የመንገድ ምልክት ሲፈለግ አሁንም የሚጠራው እሱ ነው። እዚያው እንደቆመ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነጭ መኪና ከሩቅ በፍጥነት መጥቶ ድንገት ፍሬን ያዘ። መስታወቱ ወረደ፣ ስልክ የያዘ እጅ ወጣ፣ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ መኪናው ቀስ ብሎ አለፈ። ሻዕባን ሰላምታ ሊሰጥ ያነሣውን እጁን መለሰው።

ግቢ ገብቶ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደ። ዳይሬክተሩ ሃብታሙ ከቡለን የመጣ ሺናሻ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከአስተማሪም ከወላጅም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ያልታረሙ ደብተሮች ተቆልለዋል፤ መስኮቱ ላይ ተማሪዎች ያመጡለት ማንጎ ተደርድሮ ክፍሉን ሽታው ሞልቶታል።

«አቶ ሻዕባን፣ ይቀመጡ። እኔም ላስጠራዎት ነበር» አለና አንድ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጠው። ሻዕባን ሁሉንም ነገር የሚያነበው እንደሚጽፈው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል። ደብዳቤው በምልክቱ ላይ «በታየው የጸሐፊው ስህተት ምክንያት» ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲነሣ ይላል።

«የቱ ፊደል ነው ስህተት?»

«ፊደሉ አይደለም።»

«ፊደል ካልሆነ፣ ምኑ ነው?»

ሃብታሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። «ቃሉ ሁለት መልክ አለው። እንግዲህ… ኢቲዳል ብታስረዳዎት ይሻላል፤ የአማርኛ መምህር እሷ ናት። ነገ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ፎቶው በየስልኩ ዞሯል፤ ሰው መሳቂያ አድርጎናል። የማውረጃውን እንከፍልዎታለን።»

ኢቲዳል ልጁ ናት። እዚሁ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ልጁ የምታውቀውን እሱ ከሰው ቢሮ መስማቱ ከደብዳቤው ይልቅ አሳመመው፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየም። ደብዳቤውን በአራት አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ምልክቱን እኔ አወርዳለሁ፤ ገንዘብም አልፈልግም» አለ። «ይሄን ‹ስህተት› የሚለውን ግን አንተ ታወርዳለህ።»

ሃብታሙ ዓይኑን ወደ ማንጎው መለሰ። «ስምንት ሰዓት ላይ የወላጅ መምህር ኮሚቴ ይሰበሰባል። እዚያ መጥተው ይናገሩ» አለ።

ሲወጣ በስድስተኛ ክፍል መስኮት የኢቲዳልን ድምፅ ሰማ። ጀርባዋን ለተማሪዎቹ ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። የእጅ ጽሑፏ የእሱ ነው፤ የ«መ» ሁለት ክብ እኩል፣ የ«ለ» እግር ቀጥ ያለ። ዘወር ስትል አየችው። ጠመኔዋ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳላየች ተመልሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሻዕባንም ምንም እንዳላየ ሰው መንገዱን ቀጠለ።

በር ላይ ሳጅን ታየች የምትባለው ትራፊክ ፖሊስ የጠዋቱን ፈረቃ ተማሪዎች ለማሻገር ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች። የመተከል ሰው ናት፤ አሶሳ ትራፊክ ፖሊስ ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሻዕባን ግማሹን የከተማዋን የመንገድ ምልክት ሲተክል ገመድ የያዘችለት እሷ ናት። እንደ ወንድ ሲጠራት ድሮ ትስቅ ነበር፤ አሁን አቤት ማለት ለምዳለች።

«ታየች፣ አንተ ፖሊስ ነህ፣ አትዋሽም። ሰው በኔ ምልክት ለምን ይስቃል?»

ታየች ወደ ምልክቱ፣ ከዚያ ወደ ጫማዋ አየች። «ማንም አልነገረዎትም፣ ጋሼ?»

«ሁሉም ያከብረኛል። ስለዚህ ማንም አይነግረኝም።»

«ይሁን» አለች ታየች። «ተማሪ አቋረጠ ሲባል ምን ማለት ነው?»

«መንገድ ተሻገረ።»

«እሱ አንዱ ነው። ትምህርቱን ጥሎ ቤቱ ሲቀመጥስ?»

«ትምህርት ተወ።»

«ተወ ይባላል። ትምህርት አቋረጠም ይባላል።»

ሻዕባን ዞሮ ምልክቱን አነበበ። አንዴ ለሹፌር እንደሚነበበው አነበበው። ከዚያ ጀርባው ያለውን የትምህርት ቤት በር፣ ከበሩ በላይ በራሱ እጅ የጻፈውን የትምህርት ቤቱን ስም አየና ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። ተማሪዎች እዚህ ያቋርጣሉ። ትምህርት የሚያቋርጥ ካለ፣ ቦታው ይኸው፣ በትልቅ ፊደል። ጆሮው ሲግል ተሰማው።

«በባምባሲ መንገድ ‹ከብት ያቋርጣል› ብዬ ጽፌያለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «ሃያ ዓመት ቆሟል። ማንም አልሳቀም።»

«ከብት ምን ትምህርት አለው፣ ጋሼ?»

አፉ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ግን አልሆነም። ታየች ልታጽናናው አንድ ሁለቱን ጨመረችለት። እሷ ባደገችበት አገር ወንዝ ዳር «ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ተራ በተራ ግቡ» የሚል ምልክት ነበር፤ ወደ ወንዙ ይሁን ወደ ድልድዩ አይልም። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቧንቧ ሲቆፈር «ጥንቃቄ! እዚህ ሰው እየሠራ ነው» ብለው ሲለጥፉ ባለጉዳዩ ሁሉ ተአምር እንዳየ ቆሞ ነበር። «ምልክት እንዲህ ነው» አለችው። «አራት ቃል ብቻ ስለሚይዝ አምስተኛውን ሰው ከራሱ ይጨምርበታል።» ደወሉ ሲደወል ፊሽካዋን ነፋችና እጇን ዘርግታ መንገዱ መሐል ገባች።

ሻዕባን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ዐረፍተ ነገር የእሱ አልነበረም። ሲያዝዙት በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ነው የሰጡት፤ ጽሑፉ የሃብታሙ የእጅ ጽሑፍ ነው። ዱሮ አንድ ነጋዴ አዝዞ ካስጻፈ በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ካለው ቀን ጀምሮ ሻዕባን የትእዛዝ ወረቀት ጥሎ አያውቅም፤ ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ በየዓመቱ ታስሮ ተቀምጧል። ሃብታሙ ራሱ መጻፉን እያወቀ፣ ለዚያውም ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ፣ «የጸሐፊው ስህተት» ሲል አፉ አልተያዘም። ቋንቋው ስላልሆነ ነው ብሎ ለከተማው ሲናገር ደግሞ የበርታን አፍ ሁሉ ነው የሰደበው።

ግቢው ሲገባ ሚስቱ ዐፊፋ ማዕድ ቤት ነበረች። በቀርከሃው አጥርና በቤቱ መሐል ያለው ነገር ሁሉ ከተጣለ ምልክት የተሠራ ነው፤ ላሜራ ውድ ስለሆነ ሻዕባን ያረጀውን ነቅሎ አዲሱን ሲተክል አሮጌውን ወደ ቤት ያመጣል። የዶሮዎቹ ቤት ጣሪያ «አደገኛ ኩርባ» ይላል። ዐፊፋ ፊደል አታውቅም፤ ለማዕድ ቤቱ በር የመረጠችው ላሜራ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ሲሆን፣ የእንጨቱ ጭስ ከጠዋት እስከ ማታ ከሥሩ ይወጣል። ሻዕባን እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞረና የመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ቆመ። ይህን በር ዐሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ከፍቷል፣ ዘግቷል። ከአንድ የግንባታ ካምፕ በር ላይ የነቀለው፣ የራሱ የጥንት ሥራ ነው፦ «ጥንቃቄ! ከባድ ተሽከርካሪ ይወጣል»።

ታየች እንዳስተማረችው ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛው ላይ ሳቁ ከሆዱ ሥር መጣ። ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። ማዕድ ቤቱን አይቶ ሳቀ፣ ዶሮዎቹን አይቶ ሳቀ። አማርኛ ለአርባ ዓመት ያህል በአንድ በር ብቻ ስታስገባው ኖራ ዛሬ የጓሮውን በር የከፈተችለት መሰለው። ዐፊፋ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። በበርታኛ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው ሊተረጉምላት ሞከረ፤ በበርታኛ ግን ቀልዱ አልቆም አለው። ተሽከርካሪው ተሽከርካሪ ብቻ ሆነ። ያ ራሱ ገረመው። ይህን ሳቅ የሚስቀው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ኢቲዳል ለምሳ ስትመጣ አባቷ እንባውን እየጠረገ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመምህርነት ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ፣ የምረቃ ፎቶዋ ሥር ሰቀለች። ዐፊፋ የማሽላ ገንፎውን በባሚያ ወጥ አቀረበች። ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ። እናትየው ስለ ማንጎ ዋጋ አወራች፤ ዘንድሮ ከመብዛቱ የተነሣ አምስቱ በዐሥር ብር እየተሸጠ ነው፣ ግማሹ ዛፍ ሥር ይበሰብሳል። ዝናብ ያረገዘ ሙቀት ከጣሪያው ቆርቆሮ ይወርዳል። ዐፊፋ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ ሻዕባን የብስኩቱን ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር ሳበ፣ የመጋቢትን ወረቀት አወጣ፣ አነበበና መልሶ አስቀመጠው።

«ታውቂ ነበር» አለ። በቤታቸው ቋንቋ ሲናገር ሴቱም ወንዱም፣ አንዱም ብዙውም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

«ፎቶው የወጣ ቀን ነው ያወቅኩት፣ ባባ። ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።» ጣቶቿን አየች። «የመምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም ሳቀ። ያንተ መሆኑን የማያውቁም ነበሩ። እኔም… እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዳይሬክተሩ ቋንቋው ስላልሆነ ነው ሲልም ዝም አልኩ።»

ሻዕባን ቆርቆሮውን ከደነ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ፈስሶ አልቋል። «ሳቁ አይከፋኝም፤ ያስቃል» አለ። «ወረቀቱን ግን ወደ ስብሰባው አልወስደውም። ሰኔ ላይ የሥራ አፈጻጸምሽን የሚሞላው ሃብታሙ ነው፤ የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም። እኔ ስሜን በአፌ እጠብቀዋለሁ።»

መሰላሉን ትከሻው ላይ፣ ባልዲውን በእጁ አድርጎ ቀድሟት ወጣ።

ስብሰባው በአንደኛ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች በትንንሾቹ ዴስኮች ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀመጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሊማ፣ ገበያ ውስጥ ባሚያና ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ የምትሸጥ፣ አምስት ልጆቿን እዚህ ያስተማረች ሴት ናት። ሳጅን ታየች ስለ መንገዱ እንድታስረዳ ተጠርታለች። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ኢቲዳል ነበረች። ሃብታሙ ተነሥቶ ስለ ነገው እንግዶች፣ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ተናገረ። «አቶ ሻዕባን የምናከብራቸው ሰው ናቸው» አለ፤ «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ የደረሰ ነገር ነው። ማንም አይወቅሳቸውም። ‹በጸሐፊው የቋንቋ ስህተት ምክንያት ምልክቱ እንዲነሣ ተወስኗል› ብለን እንያዘው።»

ሁሉም የኢቲዳልን እስክሪብቶ ድምፅ ጠበቀ። ድምፅ አልመጣም።

«ኢቲዳል፣ ጻፊው እንጂ» አለ ሃብታሙ።

«አልጽፍም።»

ሻዕባን በሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ልጁን አየ፤ እንድትተወው ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ወደ እሱ አላየችም። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ከብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ እሱ ከወጣ በኋላ የወሰደችው ነው። ለተማሪዎቿ እንደምታነበው ጮክ ብላ አነበበችው። «‹በዋናው መንገድ ላይ «ጥንቃቄ! ተማሪዎች እዚህ ያቋርጣሉ» የሚል ምልክት ሠርተው እንዲተክሉልን እንጠይቃለን።› ቀኑ መጋቢት ስድስት ነው። ማኅተሙ የትምህርት ቤታችን ነው።» ወረቀቱን ሳሊማ ፊት አስቀመጠችው። «አባቴ የተጻፈለትን ነው የጻፈው። ደግሞ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ልንገራችሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ አንድም ስህተት የለውም። መንገድም ይቋረጣል፣ ትምህርትም ይቋረጣል። ቃሉ ሁለት ጊዜ መሥራቱ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሃብታሙ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ትንሿ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰው ሸሚዙ አንገት ላይ ላብ ወጣ። ሻዕባን ሰውየው እንዲዋረድ የፈለገ መስሎት ነበር፤ ሲያየው ግን እንደዚያ አልሆነም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ሃብታሙ በመጨረሻ። «ፎቶው ሲመጣ የመጀመሪያው ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ኮሌጅ ስገባ፣ ከቡለን እንደመጣሁ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር። በቤቴ ሺናሽኛ ነበር የምንናገረው። አሁን ደግሞ ዳይሬክተር ሆኜ የሚስቁብኝ መሰለኝ። ፈራሁ። ፈርቼ ሌላ ሰው ላይ ጣልኩት።» ወደ ሻዕባን ዞረ። «አቶ ሻዕባን፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሻዕባን ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አወጣ፤ ተነሥቶ በሰዎቹ መሐል አልፎ ከእስክሪብቶ ጋር አቀበለው። ሃብታሙ «በታየው የጸሐፊው ስህተት ምክንያት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ፈረመበት።

«አሁን አወርደዋለሁ» አለ ሻዕባን።

«ቆይ እንጂ!» አለች ሳሊማ። «ለምን ይወርዳል? ታየች፣ አንቺ እስቲ ንገሪን።»

ታየች ኮፍያዋን ዴስኩ ላይ አደረገች። «ከመስከረም እስከ የካቲት እዚህ በር ላይ ሦስት ልጆች ተገጭተዋል። አንዷ እስካሁን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ምልክቱ ከቆመ ወዲህ አንድም የለም። በተለይ ፎቶው ከዞረ በኋላ ማንም እዚህ ጋ በፍጥነት አያልፍም፤ ፍሬን የሚይዙት ለልጆቹ ይሁን ለፎቶው አላውቅም። ብቻ ይይዛሉ።»

«የሳቀ ሹፌር ቆሟል ማለት ነው» አለች ሳሊማ። «ይቁም ነው የምለው።»

ሃብታሙ «መንገድ» የሚል ቃል እንዲጨመርና ነገሩ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ሻዕባን ይህን ሲሰማ የሙያው ሰው ሆነ። ሹፌር አንድን ምልክት የሚያየው ለሦስት ሰከንድ ነው፣ ከአራት ቃል በላይ አያነብም፤ መሐል ላይ ቃል ከገባ ፊደሉ ሁሉ ማነስ አለበት፣ ትንሽ ፊደል ደግሞ ከሩቅ ጉንዳን ይመስላል ብሎ አስረዳ። ከሥር ግን አራት ጣት ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ምን ይጻፍ ሲሉት ጥቂት አሰበና ነገራቸው። ሳሊማ አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች፤ ሃብታሙ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየ። ኢቲዳል ቃሉን በቃለ ጉባኤው ላይ፣ በዚያ በአባቷ የእጅ ጽሑፍ፣ ቁልጭ አድርጋ ጻፈችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻዕባን መሰላሉ ላይ ነበር። ታች ሃብታሙ ጃኬቱን አውልቆ የመሰላሉን እግር ይዟል፤ ኢቲዳል የቀለሙን ጣሳ ታቀብላለች፤ ታየች መኪናዎቹ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ በእጇ ምልክት ትሰጣለች። ሻዕባን አልቸኮለም። በጠመኔ ገመድ መስመሩን መታ፣ ቀጭኑን ብሩሽ መረጠ፣ ትንፋሹን ይዞ እያንዳንዱን እግር አወረደ። ሲጨርስ ቢጫው ላሜራ ከላይ የነበረውን እንደያዘ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ይመለሳሉም»። የከሰዓቱ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓታቸው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ ትንንሾቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ትልልቆቹ እያወቁ አጨበጨቡ። ከባምባሲ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቆመና ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አወጣ። አነበበ። ከዚያ ሁለተኛው ትርጉም ሲደርሰው መሪውን በእጁ መታ።

«ያ ሰላም! አባት፣ አንተ ነህ የጻፍከው?»

ሻዕባን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከታች ኢቲዳል ቀደመችው። «አዎ፣ አባቴ ነው!» አለች፤ መንገዱ ማዶ ያሉት መምህራን ሳይቀሩ እስኪሰሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሻዕባን መሰላሉን ብቻውን ሊያነሣ ሲል ኢቲዳል ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አሻግራ የኋላውን ጫፍ ያዘች። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው በዋናው አስፋልት ሄዱ፤ ሰው እንዳያያቸው ብለው ገበያው እስኪበተን አልጠበቁም። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። እጅጌዋ ላይ ጥቁር ቀለም ነክቷታል፤ ተማሪዎቿ ሰላም ሲሏት በዚያው እጇ እያውለበለበች ትመልስላቸዋለች። ከኋላቸው አንድ ባዶ ባጃጅ ደርሶ ቀስ አለና ሹፌሩ «መምህርት፣ እኔ ላድርስላችሁ፣ ጣሪያው ላይ ይታሰራል» አላት።

«አይ፣ እንይዘዋለን» አለች ኢቲዳል፤ እርምጃዋንም ከአባቷ እርምጃ ጋር አስተካከለች።